ጫኝ ጭነት አይፈታም

በ1981 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አያ ሙሉሃብት ከኩልመስክ ገበያ ወደ ላሊበላ ሲመለሱ፣ ከመንገዱ ዳር ካለችው ወይራ ሥር አንዲት ሴት እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ አገኙ። ዓይናቸው ስለደከመ እስኪቀርቧት አላወቋትም። የእኅታቸው የደብሪቱ ልጅ ፀሐይቱ ነበረች፤ ወልድያ ተምራ የተመለሰችና ልጆችን ታሪክ የምታስተምር።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ?» አለች ብድግ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ከመንገድ ቀረሽ? መምህር የሚደክመው አፉ ነው እንጂ እግሩ መች ነው?»

«አፌንማ ለእርስዎ ቆጥቤዋለሁ» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልቆየም። «ከእናቴ ዘንድ ስመለስ ደክሞኝ ነው። እንኳንም አገኘሁዎት። ልጅዎ ፈንታው ነገ ለበረኸኞቹ ሊጭን ነው የሚሉት እውነት ነው?»

ሽማግሌው ዞር ብለው መንገዱን አዩ። ሰው አልነበረም።

አያ ሙሉሃብት በላስታ የታወቁ የጫኞች አለቃ ናቸው። ሰባት በቅሎ አላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተሳላሚውን ስንቅ፣ የነጋዴውን ጨው፣ የሙሽራውን ጥሎሽ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት ሳይቀር ሲያጓጉዙ አንድም ቀን የሰው ቋጠሮ አልፈቱም። «ጫኝ ጭነት አይፈታም» ይላሉ፤ ቃሉ የአባታቸው ነው። ሰው ሁሉ ያመናቸውም በዚህ ነው። ፈንታው አንድ ልጃቸው ነበር፤ ሚስት አግብቶ፣ ጉልበታቸው ሲደክም በቅሎዎቹን የተረከበ።

«እውነት ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባለፈው ሳምንት ለመንግሥት ጦር ጫንን። ነገ ደግሞ ለእነዚያ። አንድ ለዚህ፣ አንድ ለዚያ። እኔ የማንም ወገን አይደለሁም። በቅሎ በአንድ ጎን ብቻ ብትጫን ኮርቻው ይዞራል፤ ግራና ቀኙ ከተስተካከለ ግን ዳገቱን ትወጣዋለች።»

«ግራና ቀኙ ቢስተካከልም አጎቴ፣ ሸክሙ ያለው ከበቅሎዋ ላይ ነው።»

«አዬ፣ የተማረ ሰው መልስ አያጣም!»

«ለመሆኑ ጭነቱ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነው ብለዋል።»

«አይተውታል?»

አያ ሙሉሃብት ፊታቸው ተለወጠ። «ፀሐይቱ! የደብሪቱ ልጅ ባትሆኝ ይኸን ቃል አላልፍልሽም ነበር። እኔ ሌባ ነኝ የሰው ጆንያ የምፈታ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ታሪክ ልንገርዎትና ከዚያ ይቆጡኝ። በፈረንጆቹ በመጀመሪያው ትልቅ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የማንም ወገን አይደለሁም ብላ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አልተዋጋችም። ነገር ግን ትሸጥ ነበር፤ ታበድር ነበር። ንግዱ ደግሞ በአብዛኛው ለአንደኛው ወገን ነበረ። ሌላው ወገን ይኸን አይቶ ከባሕሩ ሥር ተደብቆ መርከብ ያሰጥም ጀመር። አንድ ቀን አንድ የእንግሊዝ መርከብ ተመታ። መንገደኛ የሚያመላልስ ነው፤ ሕፃናት፣ እናቶች፣ አሜሪካኖችም ተሳፍረውበት ነበር። ከሆዱ ግን ጥይት ተጭኗል። ከሺህ በላይ ሰው ሰጠመ። ከዚያም ነገር ነገርን እየወለደ አሜሪካም ገባች፤ ከመቶ ሺህ በላይ ወጣትም አለቀባት። ተኩሳ አልጀመረችም አጎቴ። በጭነት ነው የገባችው።»

«እኔንና አሜሪካን አንድ አደረግሽን?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። «የእኔ መርከብ ሰባት በቅሎ ነው፤ አንዷም ታነክሳለች!»

«ታናሹማ ቶሎ ይሰጥማል።»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። የሚቀጥለው ጥያቄያቸው ግን የሞኝ ጥያቄ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን እኛ አገር ያልጠየቀው አባት የለም።

«እምቢ ብልስ? መሣሪያ የያዘ ሰው ከደጄ ቆሞ ጫንልኝ ሲለኝ፣ የአንቺን ታሪክ ልንገረው?»

«ብቻዎን እምቢ ካሉ ይጎዱዎታል፤ አልዋሽዎትም። ጫኞቹ ሁሉ ግን በአንድ ቃል ቢቆሙስ? ካህናቱም አብረው ቢናገሩስ? እህል እንጭናለን፣ በሽተኛ እንጭናለን፣ ሳንፈታና ሳናይ ግን አንጭንም ብትሉ? ያኔም አደጋ አለው። ግን ከምን ጋር እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ።»

አያ ሙሉሃብት ተነሡ። «ልጄ፣ ነገርሽ ክፉ አይደለም። በሽምግልናዬ የአባቴን ቃል አላፈርስም እንጂ። በይ ደኅና ሁኚ፤ እናትሽን ሳሚልኝ።»

ሰው ያላየውን ነገር አላደረግሁትም ብሎ ማመን ይወድዳል። አያ ሙሉሃብትም ያን ቀን ወደ ቤታቸው የገቡት ልባቸው አርፎ ነው።

በማግሥቱ ፈንታው ከጓደኛው ከቢሆነኝ ጋር አራት በቅሎ ጭኖ ወጣ። የተመለሰው ቢሆነኝ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውንም የተናገረ እሱ ነው። እኩለ ቀን ሲሆን የአውሮፕላን ድምፅ ሰሙ። ቢሆነኝ ከገደሉ ሥር ወዳለው ዋሻ ሮጠ። ፈንታው ግን እንደ ጫኝ ደንብ በቅሎዎቹን ከአንድ ትልቅ የጽድ ዛፍ ሥር ሰበሰበ፣ ጭነቱን አራገፈ፣ ጀርባውን ለጆንያው ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ና እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለ ቢሆነኝ ከዋሻው።

«ማሽላ ጥሎ የሚሮጥ ጫኝ የት አየህ? ፈሪ!» ብሎ ፈንታው ሳቀበት።

አውሮፕላኑ የጣለው አንድ ቦምብ ነበር ይላል ቢሆነኝ። ከጽዱ ሥር ከጆንያዎቹ የሚፈነዳው ጥይት ግን ብዙ ሰዓት አላባራም።

የሚቀበር ነገር አልተገኘም። ከቦታው አፈር ተዘግኖ በነጠላ ተቋጥሮ መጣ። ለቅሶው ሳይነሣ የመንግሥት ወታደሮች መጡና «ለወንበዴ ጫናችሁ» ብለው ሦስት ጫኞች አስረው ወሰዱ። ሁለት ቀን ቆይቶ የበረኸኞቹ መልእክተኛ መጣና «ለአውሮፕላኑ የጠቆመው ከመካከላችሁ ነው» አለ። አያ ሙሉሃብት የተመኙት ሚዛን ይኸው ተስተካከለ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ጠላቸው።

ፀሐይቱ ከለቅሶው ቤት ስትገባ «ነግሬዎት አልነበረም?» አላለችም። ከአጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ሽማግሌው ሳያይዋት ተናገሩ።

«ያ መርከብ... ተሳፋሪዎቹ አያውቁም ነበር?»

«አብዛኞቹ አያውቁም ነበር አጎቴ።»

«ጭኖ የሰደደውስ?»

ፀሐይቱ መዋሸት አልፈለገችም። «እሱ ያውቅ ነበር» አለች።

«እኔ ግን አላውቅም ብዬ ሰደድሁት። ማወቅ ነበረብኝ። አባቴ ያን ቃል የተናገረው ለጨው ነው ልጄ። ለጨውና ለጥሎሽ። እኔ ለእሳት አደረግሁት።»

የፈንታው ሚስት አስቻለች ይኸን ሁሉ ትሰማ ነበር። ከግድግዳው የተሰካ ወስፌ ነቅላ አምጥታ ከመዳፋቸው አኖረችው። ፈንታው የተቀደደ ጆንያ የሚሰፋበት ነው፤ ያን ቀን ከቤት ረስቶት ወጥቶ ነበር። «ሌላ የተረፈኝ የለም። ወይ ጭነት ይፍቱበት፣ ወይ ይጣሉት» አለቻቸው።

ከአርባው በኋላ አያ ሙሉሃብት ጫኞቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሰበሰቡ። ቄስ ተክለ ሚካኤል «የአባቶች ደንብ እንዲህ በቀላሉ አይሻርም» ብለው ነበር። አያ ሙሉሃብት ግን «አባ፣ በቀላሉ አልሻርሁትም» ሲሏቸው፣ ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን አወጡና ቃል አስገቡ። ያልታየ ጭነት ከእንግዲህ በላስታ በቅሎ ጀርባ አይወጣም ተባለ። ቃሉም ለሁለቱም ጦር ተላከ።

ይኸ ግን በነፃ የተገኘ አልነበረም። አንድ የመቶ አለቃ አያ ሙሉሃብትን በሰደፍ መትቶ ሁለት በቅሎ ወስዶባቸዋል። የሚጭንለት ሰው ግን አላገኘም፤ በቅሎዎቹም የማያውቁትን ሰው እየረገጡ መንገድ ላይ ቀሩ። ውሎ አድሮ ሁለቱም ወገን የጫኞቹን ቃል ለመደው። የተፈታ እህል ይዞ የሚሄድን ሰው ኬላው ሁሉ ፈትሾ ያሳልፈው ጀመር። ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ፣ የታመመ በበቅሎ፣ ማንም ሳይተኩስበት አለፈ። ከዚያ በኋላ ከጭነቱ ጋር የነደደ ጫኝ የለም። ጦርነቱን አላስቆሙትም፤ በበቅሎዎቻቸው ጀርባ እንዳይገባ ግን አደረጉ።

በሚያዝያ ወር ለኮን አገር ረኃብተኞች የሚሄድ ስንዴ ነው የተባለ ሃያ ጆንያ መጣ። አያ ሙሉሃብት ከመሬት ተቀምጠው የእያንዳንዱን አፍ ስፌት በፈንታው ወስፌ ፈቱ፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው እየሰደዱ ታቹን ዳሰሱ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ማንም አላጣደፋቸውም። የመጨረሻውን መልሰው ሲሰፉ ቢሆነኝ መጫኛውን ይዞ ቀረበ።

«ስንዴ ነው» አሉት። «አውሮፕላን ከሰማህ ጥለኸው ሩጥ። ስንዴ ዳግመኛ ይዘራል።»