የሃዊ ዘጠና ሁለት ቀን

አቶ ሰብስቤ አዳማ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል ነግደዋል። በየሐምሌው ግብራቸውን ከፍለው ደረሰኙን በመስታወት አስገብተው ይሰቅላሉ። ስለ ግብር የሚያስተምራቸው ሰው ይመጣል ብለው አስበው አያውቁም። በመጋቢት አንድ ጠዋት ግን ባጃጅ ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሚልካ ጋር ተገጣጠሙ፤ አሜሪካ ሂሳብ ተምራ የተመለሰች መምህርት ናት።

«እንኳን አገኘሁሽ! ልጄ ሃዊ አሜሪካ ከተማሪ ቪዛ ወደ ሥራ ቪዛ ተዛወረች። ግብሩ ላይ ‹ነዋሪ ነኝ ልበል ወይስ አይደለሁም?› ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ትፈርማለች፤ ነዋሪ ነሽ ብዬ ቮይስ ልልክላት ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዳይልኩት! ቪዛው መቼ ተቀየረ?»

«መስከረም ሃያ አንድ። መቶ ሰማንያ ሦስት ቀን ከሞላ ነዋሪ ነው አሉ። የግብር ዓመቱ እስኪዘጋ፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ ቀን ይሆናል፤ ቆጥሬዋለሁ!»

ሚልካ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ቆጠራዎ ልክ ነው፤ ዓመቱ ግን የእኛ ነው። የነሱ የግብር ዓመት ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ተዘግቷል።»

አቶ ሰብስቤ በጣታቸው ደመሩ፤ አሥር፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ፣ ሃያ ሁለት። «ዘጠና ሁለት ብቻ! የተማረችበት ሦስት ዓመትስ?»

«በተማሪ ቪዛ የኖረችበት እስከ አምስት ዓመት ድረስ አይቆጠርም።»

«እዚያው እየበላች፣ እዚያው እያደረች?» አሉ ሽማግሌው። ነገሩ ከማናደድ አልፎ አጓጓቸው። «ነዋሪ ነኝ ብትልስ ምን ትሆናለች?»

«ያልሆነችውን ፈረመች ማለት ነው፤ ነገ የመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቅ ይነሣባታል። ደግሞም ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ዙሪያ ያለውን ገቢ ሁሉ ያሳውቃል። እዚህ በስሟ የሆነ ነገር አለ?»

አቶ ሰብስቤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው ምስጢራቸውን ነገሯት። ቡልቡላ ያለውን ወፍጮ በሃዊ ስም አድርገው፣ በሠርጓ ቀን እስኪያበስሯት ከእናቷ እንኳ ደብቀውታል። የአባት ወግ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ ልጅቷን ግን ሳታውቀው ውሸታም ሊያደርጋት ይችላል።

«ለዘንድሮው አያሰጋም» አለች ሚልካ ነገሩን ስትሰማ። «በሚመጣው ግን ቀኗ ይሞላል፤ ያኔ ማሳወቅ አለባት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ጋሼ። ፎርሙንም ባለሙያ ይመልከትላት።»

ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ቮይስ ቀዱ። «ሃዊ፣ ለዘንድሮው ነዋሪ አይደለሁም በይ። አባትሽ የሰው አገር ቀን በራሱ ዓመት ቆጥሮ ሊያሳስትሽ ነበር፤ ሳትፈርሚ ባለሙያ አሳዪ። ሌላም አለ... የቡልቡላው ወፍጮ ያንቺ ነው። ለሠርግሽ ነበር የደበቅኩት፤ አሁን ግን ማወቁ ይጠቅምሻል።»

ባጃጁ ገበያው በር ላይ ሲቆም መልሱ ደረሰ። ሃዊ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም።

«አባባ... እኔ ወፍጮ አለኝ?»