የጆፌ አሞራው ቆጠራ

በደርግ ጊዜ መሥሪያ ቤቴ የየካንና የእንጦጦን ጆፌ አሞራ ቁጠር ብሎ ላከኝ። ሳምንት ሙሉ ባሕር ዛፉ ሥር ሳንጋጥጥ ከረምኩና ማኅተም ላስመታ ቀበሌ ወረድኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ካምናው ቀንሷል ነው የምትለው?»

«አዎ ጓድ ሊቀመንበር፤ ጎጆ የሚሠሩበት ዛፍ እየተቆረጠባቸው ነው።»

«በአብዮት ዘመን ቀነሰ የሚባል ነገር የለም! እጥፍ አድርገህ ጻፍ!»

ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ አየሁና ጻፍኩ። አንድ እስክሪብቶ ስንት አሞራ እንደሚፈለፍል ያን ቀን አየሁ። ማኅተሙን ጠበቅ አድርጎ መታልኝና አንዱን ቅጂ በኩራት ለበላዮቹ ላከ።

በሳምንቱ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ላብ አጥምቆታል።

«ወንድሜ፣ በናትህ ቁጥሩን ቀንስልኝ።»

«ምነው፣ አብዮቱ ቀረ እንዴ?»

«ቀልዱን ተወው። የበላይ አካል ጠርቶኝ ‹በቀበሌህ አሞራው እጥፍ የሆነው ምን እየበላ ነው?› አለኝ።»

የመጀመሪያውን ቁጥር መልሼ ጻፍኩለት። ሬሳ አስፋልት ላይ በሚያድርበት በዚያ ሰሞን፣ አሞራው ምን እንደሚበላ ከአሞራው ቀጥሎ የሚያውቀው እሱ ነበር።