ሹካ የተሰካበት ሬዲዮ

ኦቦ ዲሪርሳ ሱሉልታ ታክሲ ተራ ሲወርዱ ካፊያው አላባራም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጫማቸው ጭቃ ጠጥቶ፣ ወዴት እንደሚሄዱ እንኳ ጠፍቷቸው ቆሙ። ያገኘቻቸው ጎረቤታቸው ዱርሲቱ ናት፤ ሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ የምታስተምረው።

«አካም ኦቦ ዲሪርሳ! እግዜር ያጽናዎ። ከቀብር ነው?»

«ከየት ቀብር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! የእህቴን የድንቅቱን ለቅሶ ፍለጋ ገላንን ስዞር ዋልኩ። የማላውቀው ሰው ድንኳን ገብቼ አልቅሼ ወጣሁ።»

«እህትዎ ቡራዩ አይደል እንዴ የሚኖሩት?»

«ሬዲዮው ገላን አለ። ልጇ እዚያ ፋብሪካ ስለሚሠራ፣ እሱ ዘንድ ያረፈች መሰለኝ።»

ዱርሲቱ ክው አለች። ማስታወቂያውን ጠዋት እሷም ሰምታዋለች፤ ሟቿ የእሳቸው እህት መሆኗን ግን አላወቀችም። «ኦቦ፣ ‹ፊሮኒ ገለኒሩ› ነው ያለው። ዘመዶች ገብተዋል ማለቱ ነው እንጂ ገላን አላለም። ቀብሩ ቡራዩ ነበር፤ በስድስት ሰዓት።»

አሥር ሰዓት አልፏል። አንዲት እህታቸው ያለ እሳቸው አፈር ለብሳለች። ዱርሲቱ ደግፋ ቤታቸው አደረሰቻቸው። ሽማግሌው እንደገቡ ሬዲዮውን ከመደርደሪያው አንስተው ሊፈጠፍጡት ቃጡ። ዱርሲቱ እጃቸውን ያዘች።

«እሱ ምን አደረገ? አንቴናው ተሰብሮ ሹካ ሰኩበት፤ ያውም ከቆርቆሮ ሥር። ቆርቆሮው ሞገዱን ያግደዋል፤ ሬዲዮው ይንጫጫል፣ ቃል ይውጣል። ሽቦ በእንጨት ላይ ውጪ እናቁም ብዬ ዓምና ለምኜዎት ነበር።»

«ሹካው ስንት ዓመት አገልግሏል!»

«አገልግሎ ገላን ወሰደዎት!» አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች።

ኦቦ ዲሪርሳ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ሽቦ መብረቅ ይጠራል፣» አሉ ቀስ ብለው። «የጎረቤታችን የሊቤን ባሕር ዛፍ የሰነጠቀውን አይተሻል።»

«ፍርሃትዎ ልክ ነው። ለዚህም ነው እንጨቱን ከዛፎቹ ዝቅ፣ ከመብራት ሽቦውም ራቅ አድርገን የምናቆመው። ዳመና ሲከብድ ደግሞ ሽቦውን ቀድመው ከሬዲዮው ነቅለው ውጪ ይተዉታል።»

«እውነቱን ልንገርሽ? ሰው ‹ሽማግሌው ዲሽ ተከለ› ብሎ እንዳይስቅብኝ ነው።»

ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ነገር አስቀርቶብናል። በማግስቱ ቡራዩ ሄደው በእህታቸው መቃብር ላይ አለቀሱ፤ ሲመለሱ ዱርሲቱን «ነይ፣ ትከይው» አሏት። ሽቦው ከጣሪያው በላይ ወጣ፤ ጫፉም ከተሰበረው አንቴና ጉቶ ጋር ታሰረ። ያ ሁሉ የሬዲዮው ጫጫታ ጸጥ አለ። የጫንጮ የእህል ዋጋ ተሰማ፣ የከብት ክትባት ቀን ተሰማ፣ በረዶ የሚጥልበት ወረዳ ተሰማ። ቤቱ ግን ከሐዘኑ አልወጣም።

በሰባተኛው ቀን የድንቅቱ ልጆች የምስጋና ማስታወቂያ አስነገሩ። «በእናታችን ቀብር ላይ ተገኝታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ...» አንዲት ቃል አልተዋጠችም።

«እኔን አይጨምርም፣» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ።

ዱርሲቱ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገችው። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

«ጎረቤታችን ጂሬኛም ሬዲዮው ላይ ማንኪያ ሰክቷል። እህቱ ደግሞ ሰበታ ታማ ተኝታለች። ትርፍ ሽቦ ካለሽ ያዢና ተነሺ፤ መሰላሉን እኔ እይዝልሻለሁ።»