ባለ ቁጥሩ ዳስ

(ደቡብ ጎንደር ገጠር፣ በጥር ወር አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ገበሬ ወይዘሮ ይርገዱ ለልጃቸው የእሑድ ሠርግ ካስተከሉት ዳስ ሥር ቆመዋል፤ ናሆም፣ የአውሮፕላን ጭስን በዛፍ የሚያካክስ ፕሮጀክት ወጣት ባለሙያ፣ መዝገቡን እንደያዘ ፊታቸው ተገትሯል።)

ናሆም፦ እማማ፣ ይኼ ዳስ ዛሬውኑ ይፍረስ ነው የምልዎት!

ይርገዱ፦ ኧረ አታሟርትብኝ! የሠርግ ዳስ ይፍረስ ይባላል? ከነገ ወዲያ እኮ ነው ልጄን አንጓችን የምድራት። በል አማትብ።

ናሆም፦ ለዘለቄታው አይደለም። እስከ ሰኞ ብቻ። እሑድ የፕሮጀክቱን ዛፎች የምትቆጥረው መርማሪ ከባሕር ማዶ ትመጣለች። ለዳሱ የቆረጧቸውን አሥራ ሁለት ግንዶች ወደ ቦታቸው እንመልሳለን፣ አይታ ትሄዳለች፣ ሰኞ ዳስዎን መልሰው ይተክላሉ።

ይርገዱ፦ ሰኞማ አንጓች በሰው ቤት ናት። ባዶ ዳስ ሥር ብቻዬን ተቀምጬ ላጨብጭብ? ደግሞስ የተቆረጠ ዛፍ ወደ ቦታው የሚመለሰው እንዴት ነው?

ናሆም፦ ከየጉቶው አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ እንቆፍርና እናቆማቸዋለን። ቅጠላቸው ገና አልጠወለገም። ከሩቅ አያስታውቅም።

ይርገዱ፦ ይኼን ያህል ዓመት የተማርከው ሬሳ ለማቆም ነው?

ናሆም፦ አይቀልዱብኝ እማማ። እነዚህ ዛፎች እኮ የእርስዎ ብቻ አይደሉም። የአውሮፕላን ዛፎች ናቸው።

ይርገዱ፦ የምን አውሮፕላን? እኔ አውሮፕላን ሲያልፍ እንጂ ሲተክል አላየሁም። የተከላቸው ባሌ ጓንጉል ነው። ሊሞት በነበረበት ክረምት፣ እያሳለ፣ ሦስት ችግኝ ተክሎ አንዴ ቁጭ እያለ። «ይርገዱ፣ እኔ ባልደርስላት እንኳ ለአንጓች ዳስ ይሆናታል» አለኝ። ሰውየው ዳሷን ትቶላት ነው የሄደ። በል እንግዲህ፣ ሆዴን አታባባው።

ናሆም፦ ነፍሳቸውን ይማር። ግን የዛሬ አራት ዓመት ውል ገብተዋል። አርባ ዓመት ሙሉ አንዲትም ዛፍ ላይቆርጡ። ይኸው ጣትዎ።

ይርገዱ፦ ይኼ? ይኼማ የስብሰባ ጣት ነው!

ናሆም፦ የስብሰባ ጣት ደግሞ ምንድን ነው?

ይርገዱ፦ ስብሰባ ተብሎ ይጠራል፣ እንሄዳለን። ሲያልቅ መገኘታችንን በጣት እንፈርማለን፣ ለስላሳ ጠጥተን ወደየቤታችን። ለማዳበሪያ ፈርሜያለሁ፣ ለወባ ፈርሜያለሁ፣ ላም ለማስከተብ ፈርሜያለሁ። እናንተም ስትመጡ ጣቴን አምጪ አላችሁኝ፣ ሰጠሁ። ጭራሽ ኮፍያና ጃንጥላ ጨመራችሁልኝ። ኮፍያው ላይ አውሮፕላን ተሥሎበታል። «እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው» ብዬ መርቄያችሁ ነበር እኮ!

ናሆም፦ ጃንጥላ ብቻ አይደለም። ማጣራቱ ሲያልቅ ክፍያም ይመጣል።

ይርገዱ፦ አራት ዓመት ሲጣራ ምን ቢቆሽሽ ነው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ናሆም፦ ነገሩን በደንብ አላስረዷችሁም ማለት ነው። ይስሙኝ። አውሮፕላን ሲበር ጭስ ይተፋል። ጭሱ ዓለምን ያሞቃል። ዝናቡ እንዲህ የሚዛባው አንዱ በዚህ የተነሳ ነው። ስለዚህ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ተስማሙ፤ አየር መንገዶች ጭሳቸው ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ፣ ላለፈው ማካካሻ ይገዛሉ። ሌላ ቦታ ጭስ የሚያስቀር ነገር ይፈለግላቸዋል። ዛፍ ደግሞ ጭሱን ይስባል።

ይርገዱ፦ ቆይ፣ ይግባኝ። እነሱ ያጨሳሉ፣ የእኔ ዛፍ ይስባል?

ናሆም፦ በትክክል!

ይርገዱ፦ በረራውንስ ይቀንሳሉ?

ናሆም፦ በረራው እንኳ... በየዓመቱ እየጨመረ ነው።

ይርገዱ፦ ኧረ ጉድ! ይኼማ አንዱ በዐቢይ ጾም ቅልጥም እየጋጠ ጎረቤቱን «አንቺ ጹሚልኝ፣ ጃንጥላ እሰጥሻለሁ» ማለቱ ነው። እስቲ እኔ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ «አባ፣ ሥጋውን በላሁ፣ ግን የሚጾምልኝ ቀጥሬያለሁ» ልበላቸው? በያዙት መስቀል ነው አናቴን የሚሉኝ።

ናሆም፦ ይኼ ጾም አይደለም፣ ሳይንስ ነው። ደግሞ በዛፍ ብቻ አልቆመም። ያገለገለ የምግብ ዘይት ተጣርቶ የአውሮፕላን ነዳጅ እየሆነ ነው።

ይርገዱ፦ ዘይት? ይኼ የወጡ ዘይት?

ናሆም፦ የተጠበሰበት። ሰዎች የሚደፉት።

ይርገዱ፦ ዘይት የሚደፋበት አገር አለ? እኔ ለዚህ ሠርግ ሦስት ጀሪካን ለማግኘት ስንት ደጅ ጠናሁ መሰለህ! የእኛን ቤት ዘይት ቢጠብቅ አውሮፕላንህ ካለበት አይነቃነቅም።

ናሆም፦ ወደ ዛፉ እንመለስ፣ እማማ። መርማሪዋ የእያንዳንዱን ዛፍ ፎቶ ይዛለች። በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

ይርገዱ፦ ቁጥሩን መቼ አጠፋሁባችሁ? ቀና በል። ያውልህ አርባ አንድ፣ ወዲያ ስልሳ ሰባት፣ ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት ራስጌ መቶ ሦስት። ትናንት የሙሽራው አባት ዳሱን ሊያይ መጥቶ «ምሰሶሽ ሁሉ ታርጋ አለው» እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ናሆም፦ ለእሱ ሳቅ ነው። እዚህ ግን አሥራ ሁለት ጎደለ ማለት...

ይርገዱ፦ ምን ይሆናል? አውሮፕላኑ ይወድቃል?

ናሆም፦ ኧረ አይወድቅም።

ይርገዱ፦ ተመስገን። የሰው ነፍስ ያለበት መስሎኝ ደንግጬ ነበር እኮ። ይዘገያል?

ናሆም፦ አይዘገይም።

ይርገዱ፦ አንዱ ተሳፋሪ ይቀራል?

ናሆም፦ ማንም አይቀርም።

ይርገዱ፦ ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጭስ መሃል የአንጓች ዳስ ብቻ ነው የታያችሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ!

ናሆም፦ ዛፉ ሲቆረጥ የሳበው ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው እኮ።

ይርገዱ፦ እንዴት? ግንዱ የሳበውን ተፋው?

ናሆም፦ አይ፣ ውስጡ ነው ያለው። ካልነደደ ወይም ካልበሰበሰ አይወጣም።

ይርገዱ፦ እኔ አነደድኩት? እዚያ ቆሞ ነበር፣ እዚህ ቆመ። ሰባ እርምጃ ነው የተዛወረ። ያቺ መርማሪያችሁስ፣ አሥራ ሁለት ዛፍ ልታይ በምንድን ነው የምትመጣው?

ናሆም፦ በአውሮፕላን ነዋ።

ይርገዱ፦ በአንድ?

ናሆም፦ ሦስት ቀያይራ።

ይርገዱ፦ ደግሞስ ትመለሳለች?

ናሆም፦ በየስድስት ወሩ።

ይርገዱ፦ እንግዲያው እሷ አርፋ ቤቷ ትቀመጥ፣ እኔ ተራራውን ሙሉ ብመነጥረውስ አይካካስም?

ናሆም፦ እማማ፣ በእውነት ነው የምልዎት፣ ዛሬ ካልፈረሰ ሚሊሻ ለመጥራት እገደዳለሁ።

ይርገዱ፦ ጥራው እንጂ! ሚሊሻው የአንጓች አጎት ነው። ያን መቶ ሦስት ቁጥሩን ጉድጓድ ቆፍሮ የተከለው እሱ ነው። አሁንም ጓሮ በሬ እያሰረ ነው።

ናሆም፦ ኧረ በፈጠረዎት!

ይርገዱ፦ ይልቅ ስማኝ። እኔ ዝም ብዬ አልቆረጥኩም። እንደ እናንተው አካክሼ ነው የቆረጥኩት።

ናሆም፦ እንዴት አድርገው?

ይርገዱ፦ ከወንዙ ማዶ ዳምጤ የሚባል ሸማኔ አለ። አንዲት ቄብ ዶሮ ሰጥቼ፣ አሥራ ሁለት ዛፍ ላይቆርጥ ቃል አስገባሁት። እኔ አሥራ ሁለት ቆረጥኩ፣ እሱ አሥራ ሁለት አልቆረጠም። ምን ጎደለ?

ናሆም፦ ይኼማ ማጭበርበር ነው!

ይርገዱ፦ የቱ ላይ ነው የተጭበረበረው?

ናሆም፦ ሰውየው መጀመሪያም ሊቆርጥ አላሰበማ! ሊቆርጥ የነበረ ሰው ሲተው ነው እንጂ፣ ያላሰበውን ተውኩ ቢል ማካካሻ አይሆንም።

ይርገዱ፦ እኔስ? ስታስፈርሙኝ ዛፉ ጉልበቴ ላይ ነበር። ብቆርጠው ለመጥረጊያ እንኳ አይሆን። ልቆርጠው ያላሰብኩትን «አትቁረጪ» ብላችሁ ጣቴን ተቀበላችሁ፣ ለአየር መንገዱ ሸጣችሁ። እናንተ ስትሠሩት ሳይንስ፣ እኔ ስሠራው ማጭበርበር?

ናሆም፦ (መዝገቡን ከፍቶ መልሶ ይዘጋዋል።)

ይርገዱ፦ ምነው ዘጋኸው? ውኃ ላምጣልህ?

ናሆም፦ እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት?

ይርገዱ፦ ቀድመህ እሱን ብታወራኝ ይኼኔ ጠላ ጠጥተህ ነበር።

ናሆም፦ በሚመጣው ወር ትልቅ ዓለም አቀፍ ስብሰባ አለ። የእርስዎ ቀበሌ ዛፍ ለምሳሌነት ተመርጧል። የማቀርበው እኔ ነኝ። እሑድ ጉድለት ከተገኘ ስሜ ይሰረዛል። ከተወለድኩ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች፤ ሻንጣ ሁሉ ተውሳልኛለች።

ይርገዱ፦ እሰይ፣ እናትህን ደስ ይበላት። ይኼን እንኳ ይገባኛል፤ የልጅ ነገር ነው። ስብሰባው ስለ ምንድን ነው?

ናሆም፦ የአውሮፕላንን ጭስ ስለ መቀነስ።

ይርገዱ፦ ስንት ሰው ይገኛል?

ናሆም፦ ሁለት ሺህ ያህል።

ይርገዱ፦ በእግሩ?

ናሆም፦ ኧረ እንዴት በእግሩ!

ይርገዱ፦ በስልክ አይሆንም? አሁን እኮ በስልክ ፊት ለፊት ይታያያሉ።

ናሆም፦ በስልክ እንደ መገናኘት አይሆንም፣ እማማ።

ይርገዱ፦ አንጓችም ስለ እጮኛዋ ይኼንኑ ትለኝ ነበር። እሷስ ልታገባው ነው። እናንተ ሁለት ሺሃችሁ ምን ልትሆኑ ነው? ለመሆኑ አንተ ደርሰህ ስትመለስ ስንት ዛፍ ይበላል?

ናሆም፦ እሱን እንኳ ተውት።

ይርገዱ፦ መዝገቡን ይዘህ የለም? አስበው።

ናሆም፦ እንግዲህ... በእኛ ስሌት፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ባሕር ዛፍ ከሆነ... አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ግድም።

ይርገዱ፦ አሥራ ሁለት!

ናሆም፦ ግድም ነው ያልኩት።

ይርገዱ፦ እግዜር ነው ያገናኘን! በቃ፣ አንተ ቅር፣ እኔ ዳሴን ልያዝ። አለቀ። የዳምጤንም ዶሮ እቀበለዋለሁ።

ናሆም፦ እንዴት እቀራለሁ? ስሜ ተላልፏል እኮ!

ይርገዱ፦ የእኔስ የጥሪ ወረቀት አልተላለፈም? ጠላው ተጠምቋል፣ በሬው ተገዝቷል፣ የአማቼ ዘመዶች ነገ መንገድ ይጀምራሉ። አንተ የአውሮፕላኑን ወንበር አልተው ስትል እኔ ምሰሶዬን ልተው? ጭሱን የምትቀንሱት እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ?

ናሆም፦ ቆይ... ቆይ እስቲ። ያ ዳምጤ ያሉኝ ሰው፣ ጣቱን ይሰጣል?

ይርገዱ፦ ምነው? አሁን ማጭበርበር ነው አላልክም?

ናሆም፦ ቅጹ ላይ «ተተኪ ተሳታፊ» የሚል ቦታ አለ። ከእርስዎ የጎደለው አሥራ ሁለት ዛፍ በእሱ ተተክቷል ብዬ እሞላለሁ። መርማሪዋ ወረቀቱን ካየች ጉቶውን አትቆጥርም።

ይርገዱ፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ።

ናሆም፦ እርስዎም ዳስዎን ይይዛሉ፣ እኔም እሄዳለሁ። ዛፎቹ የት ጋ ናቸው? ወንዙን ተሻግሮ በስተቀኝ ነው?

ይርገዱ፦ እንግዲህ በልጄ ሠርግ ሰሞን አልዋሽም። ዳምጤ ዛፍ የለውም።

ናሆም፦ ምን?

ይርገዱ፦ አንድም። ለዚያ አይደል በአንዲት ቄብ እሺ ያለኝ።

ናሆም፦ ...ችግር የለውም።

ይርገዱ፦ ችግር የለውም?

ናሆም፦ ቅጹ የሚለው «ላለመቁረጥ ይስማማሉ ወይ?» ነው። ዛፍ አለዎት ወይ ብሎ አይጠይቅም።

ይርገዱ፦ እንዲህ ከሆነማ ዳምጤን ተወውና እኔን ጻፈኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን አውሮፕላን ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ ወደፊትም አልወጣም። ይኼን ሁሉ ዓመት ያልበረርኩትን አስበህ ለአሥራ ሁለት ባሕር ዛፍ አልበቃ ካለ፣ ያን ጊዜ ና፣ ዳሱን በገዛ እጄ አፈርስልሃለሁ።