የመዘምራኑ ቃለ ጉባኤ

«ሰብልዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ዝናቡ ጠነከረ አይደል? የፎንቆ መንገድማ ጭቃ ብቻ ነው አሉ። እናትሽ ደህና ናቸው? እንሰቱስ?... ተመስገን።»

ሲስተር ጣቢታ ይህን ስትል የምታየው ጓደኛዋን ሳይሆን ገርበብ ያለውን የአማካሪዋን በር ነበር። የነርሲንግ ዶክትሬት ጽሑፏ እስከ ሰኔ ካልተፈረመላት ዓመቱ ሊያልፋት፣ ሆስፒታሉም የትምህርት ፈቃዷን ሊዘጋባት ነው። አንጀቷ አሯል፤ አንደበቷ ግን ማር ነው። ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማችና ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች።

«እኔማ ታድዬ። እንደኔ ያለ አማካሪ ማን አለው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሳቸው አንድ ጠብታ አላፈሰሱም... ድስቱን መቼ ነኩትና።

ጸጋቸውን ደግሞ ልንገርሽ። የመዘምራን ጸሐፊ ነኝ አይደል? ሁለት አንድ ዓይነት ካኪ ፖስታ ይዤ ወጣሁ፤ ምዕራፍ አራትን ለመዘምራኑ፣ የመዘምራኑን ቃለ ጉባኤ ለእሳቸው ሰጥቼ አረፍኩት። ጥፋቱ የማን ነው? የእኔ። በሦስተኛው ወር ፖስታው እንደታሸገ ተመለሰልኝ። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ‹ጥሩ ጅምር ነው፤ የናሙና አመራረጡ ይብራራ› ይላል... እውነትም እኮ፣ ሶፕራኖ ዘማሪዎቹን በምን መስፈርት እንደመረጥን አልጻፍንም ነበር። ሳይከፍቱ ማየት ለስንቱ ተሰጥቷል?

ትክክለኛውን ይዤ ብመለስ ‹ይህን አይቼዋለሁ፤ እንዳልኩሽ አስተካክለሽ አምጪ፣ ያኔ እፈርማለሁ› አሉኝ። ምን ልበል? አይተውታል ካሉ አይተውታል። ትልቅ ሰው ይዋሻል?

መዘምራኑማ ምን ያውቃሉ፣ ሥራ ፈቶች። ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። ስለ ሌሞ ወረዳ አራሶች የጻፍኩት ጋ ሲደርሱ ዘማሪው ባፈና አለቀሰ አሉ። ከሴቶቹ አንዷ ሠንጠረዡ ላይ የተሳሳተ ድምር አገኘችልኝ... ዶክተር አይደሉማ፣ ጊዜ አላቸው።»

ከበሩ ጀርባ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። ጣቢታ ቦርሳዋን አንስታ በዝግታ ቆመች።

«አልቀየምም፣ ሰብልዬ፤ አባት ናቸው። ሴት ልጃቸው ዘንድሮ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጀምር ነው ሲሉ ሰምቼ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት እጸልይላታለሁ... ጌታ ለእሷም ልክ እንደ አባቷ ያለ አማካሪ ይስጣት።»