ባዶ ሳህን ላይ የተነሰነሰ ጨው

ከሁለት ወር በፊት የሳል ሽሮፕ ልገዛ ስሄድ ሰዓት ሠሪውን ጎረቤቴን መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። የደም ግፊት ክኒናቸውን ኮት ኪሳቸው ሲከቱ፣ ከዚያው ኪስ ትንሿ የጨው ዕቃቸው ብቅ አለች። የትም ቢሄዱ አትለያቸውም።

«ጋሼ፣ ሁለት ጠበኛ አንድ ክፍል አከራዩ እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁና ለምሳ ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ይዘውኝ ገቡ።

ምሳውን የምትሠራው እሳቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ናት። ነርስ ናት፤ ግፊታቸው መድኃኒት እየወሰዱም አልወርድ ማለቱ እንቅልፍ ነስቷታል። ታላቅ ወንድማቸውን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ካለ ዓመት አልፎታል። የሰዓት ሠሪ እጅ እንዲያ ቢሆን ከሰውየው ምን ይተርፋል?

ልጅቷ የጨውን ነገር ገና ከማንሳቷ አጎቷ ተረት መዘዙ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ነው የሚባለው።»

«ጣፍጥ ተባለ እንጂ አጎቴ፣ አቃጥል ተባለ?»

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው ቀጠሉ። አባታቸው እንዳሻቸው ጨው እየበሉ ዘጠና ዓመት መኖራቸውን፣ ጨው የሌለው ምግብ የሕመምተኛ መሆኑን ሲያስረዱኝ ልጅቷ ሳህን አምጥታ ፊታቸው አኖረች። ዓይናቸው ከእኔ ሳይነቀል እጃቸው ኪስ ገባ፤ ዕቃዋን አወጣ፤ እንደ ልማዱ ነሰነሰ። ማንኪያ ሲያነሱ ነው ሳህኑ ባዶ መሆኑን ያዩት።

«ምግቡስ?»

«ገና እሳት ላይ ነው። እርስዎ ግን አጣፍጠው ጨርሰዋል።»

እኔ ሳቄን መግታት አቃተኝ። እሷ ግን ጨውን በወረቀት ጠርጋ የወርቅ ሰዓት በሚመዝኑባት ሚዛን ላይ አኖረችው። ሁለት ግራም። ጎረቤቴ የሰው ቃል ይጠራጠራሉ፤ የራሳቸውን ሚዛን ግን አይጠራጠሩም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው ከአምስት ግራም በታች፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ነገረቻቸው። ያውም ዳቦው፣ የታሸገው ምግብና ድስት ውስጥ የሚገባው ሁሉ ተደምሮ።

«ስልሳ ዓመት የለመደ ምላስ ምን ላድርገው?» አሉ፣ ድምፃቸው ረገብ ብሎ።

«የሚፈጥን ሰዓት ሲመጣልዎ በመዶሻ ይመቱታል?»

«ምን በወጣው። በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚስተካከለው።»

«ምላስም እንደዚያው ነው።»

ጎረቤቴ ቀኝ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩት። የወንድማቸው እጅ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ዕቃዋን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ።

ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የድስቱን ጨው በየሳምንቱ ጥቂት እያነሰች ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፤ አትክልቱንም አበዛች። ጨዋማውን የሾርባ ኩብ ከቤት አስወጣች። እሳቸው ሳይቀምሱ መነስነስ ተዉ፤ ክኒናቸውን ግን አላቋረጡም። ግፊታቸው ሦስት ጊዜ ተለክቶ ሦስቱንም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ልብም ኩላሊትም የአንጎል ደም ሥርም ከዚህ ይጠቀማሉ ትላለች።

ትናንት እኔ ቤት የምስር ሾርባ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ጎረቤት፣ ይህን ሁሉ ጨው በማን ተናደህ ነው?»

አፈርኩ። ዛሬ ሱቃቸው ጎራ ስል የጨው ዕቃዋ ከመነጽራቸው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ውስጧ ዓይን የማይሞሉ ብሎኖች አሉ። ጎረቤቴ በወረንጦ አንዷን አነሱ፤ እጃቸው ንቅንቅ አላለም።