አራት ሺህ ጊዜ የተጠቀሱት ሰው

የሞለኪውላር ባዮሎጂ ክፍሉን ጸሐፊ ቢሮ ከፕሮፌሰሩ ክፍል የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ወዲህ ያስነጠሰን ሰው ወዲያ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ይህን አሳምራ የምታውቀው የላቦራቶሪ ቴክኒሻኗ፣ ተማሪዎቹ «እማማ ፍሪዘር» የሚሏት፣ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጥታ ከጸሐፊዋ ፊት ወንበር ሳበች። ፕሮፌሰሩ ውስጥ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የአንዲት ተማሪያቸው የመመረቂያ ጽሑፍ ሳይፈረምበት ሦስት ሳምንት ተኝቷል፤ ዛሬ ቢሮ እስኪዘጋ ካልተፈረመ ልጅቱ አትመረቅም። ቴክኒሻኗ ሁለት ጊዜ ለምናቸው «አንቺ ቱቦሽን እጠቢ» ተብላለች። ስለዚህ ልመናውን ትታ ጨዋታ ጀመረች።

«እንዴት ዋልሽ እህቴ? ይቺ አበባሽ ደግሞ እንዴት አማረባት... መስኮቱን ወዳው ነው። ልጆች ደህና? ትንሹስ ጥርስ አወጣ? ተመስገን ነው። እኔማ አንድ ትልቅ ሰው ሳስብ ውዬ መጣሁ። ስም አልጠራም፤ በደግ ነው የማነሳቸው፣ በክፉ እንዳይመስልሽ።

«ጽሑፋቸው አራት ሺህ ጊዜ ተጠቀሰ አሉ። አራት ሺህ... እኔ በኮረዳነቴ፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ በሞላበት ሰፈር፣ ሦስት ጊዜ ብጠቀስ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ግን ኮሪደሩ በሙሉ ይጠቃቀሳል... ከአክብሮት የተነሳ ነው እንግዲህ። ደግሞ ሰው እስኪያነሳቸው የሚጠብቁ ሰነፍ አይደሉም። ከአራቱ ሺህ ስምንት መቶውን ራሳቸው ናቸው የጠቀሱት። ራሱ ጻፊ፣ ራሱ ጠቃሽ። ሰው ላይ ሸክም መሆን የማይወድ ሰው እንዲህ ነው። ድሮ ‹ማን ይናገር የነበረ› ይባል ነበር፤ ዛሬ ‹ማን ይናገር የተጠቀሰ› ሆነ አይደል?»

ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጸሐፊዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አልነቀለችም፤ ጣቶቿ ግን መጻፍ ካቆሙ ቆይተዋል።

«ያቺን ጂናቸውን ታውቂያት የለ? ጂኒ አላልኩም፣ ጂን። እሷን ዝም ካሰኟት የታመመው ሕዋስ መራባቱን ያቆማል ብለው ነው ስማቸው የገነነው። አምስት ጊዜ ሞከርነው። ሁለቴ ሆነ፣ ሦስቴ እምቢ አለ። ሌላው ሰው ቢሆን በሦስቱ ይብከነከን ነበር... እሳቸው ግን ቂም አይዙም፤ ደጉን ጽፈው ክፉውን እርስት አደረጉት። ጂኗ ዝም ትበል አትበል እንጃ፤ እኛን ግን አሳምረው ዝም አሰኝተውናል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ደብተሬም ይኸው አስራ አንድ ዓመቱ፣ አምስቱንም ሙከራ ይዞ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዲት ገጽ እንኳ አልነቀዘችም።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ፊቷ ፈገግ እንዳለ ነው። ጡረታ ልትወጣ ግን የቀራት አንድ ዓመት ነው፤ የጡረታ ወረቀቷንም የሚፈርሙላት እኚሁ ሰው ናቸው።

«አሁን ደግሞ አንዲት ልጅ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሙከራ አስራ ስምንት ጊዜ ደጋገመችው፣ እምቢ አላት። እምቢ ማለቱን ጻፈች። ምን አስቸኮላት? ጥቂት ብትቆይ መምረጥ ትማር ነበር... ይህን ጠባይ ከማን እንዳመጣችው አላውቅም፤ ከመምህሯ እንዳልሆነ ግን እኔ እመሰክራለሁ። የሰው ስም አላጎድፍም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እዚህ ቤት መጋረጃው ወፍሮብን እንጂ ነግቶ ነበር። ባይፈርሙላትም እኮ አልፈርድም። ሽልማት ሲቀበል የኖረ እጅ ለፊርማ ከየት ጊዜ ያመጣል?»

ወዲያ ማዶ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ። ቴክኒሻኗ «አለቀልኝ» ብላ አሰበች።

በሩ ተከፈተ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን ደርበው ወጡ፤ ማንንም ሳያዩ ጽሑፉን ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና ወደ ደረጃው አመሩ። ጸሐፊዋ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ፊርማው አለ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ነገር ግን አስራ አንድ ዓመት የታመቀ ነገር በአንድ ፊርማ ተንፍሶ አያልቅም። ከወንበሯ ብድግ አለች፣ ወደ ደረጃው በአክብሮት እጅ ነሳች፤ ፊቷን ወደ ጸሐፊዋ መልሳ፣ ታች ድረስ እንዲሰማ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«አየሽ እህቴ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። የዚችን ልጅ ጽሑፍ ዓለም ሁሉ አንብቦ ይጥቀስላት፤ እሷ በተጠቀሰችበት ሁሉ፣ ‹ተሳስተዋል› በሚለው መስመር ላይ፣ የእሳቸው ስም አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠቀስ አይለፍ... አሜን በይ እንጂ።»